ቲቪ ከሞኒተሮች ጋር ለምትሰኩ

ኮምፒውተራችሁ ላይ ሁለት ሞኒተርና አንድ ቲቪ ልትሰኩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጀርባውን እዩት። ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩት ግራፊክስ ካርዱ (ምስል የሚያወጣው ለብቻው የሚገባ ካርድ) ላይ ነው። ካርድ ሲገባ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) የራሱ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ሰው ግን ቲቪው ተበላሸ ብሎ ይደመድማል።

ምስል ሲመጣ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ኤክስቴንድ» (ስክሪኖቹን እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን የሚያያይዘው) የሚለውን ምረጡ። ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን ባለቁጥር ሳጥኖች ደግሞ ስክሪኖቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ደርድሯቸው፤ አለዚያ ማውሱን በቀኝ ስትጠብቁት በግራ ብቅ ይላል።

ዋናው ጣጣ ያለው ቲቪው ላይ ነው። ጠርዙ ተቆርጦ ታስክባሩ ከጠፋ ካርዱን አትውቀሱ፤ ምስሉን አጉልቶ የሚቆርጠው ቲቪው ራሱ ነው። በሪሞቱ የፒክቸር ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» አድርጉት (ስሙ እንደ ቲቪው ይለያያል)። ጽሑፉ ብዥ ካለ የዚያን ኤችዲኤምአይ ኢንፑት ስም ወደ «ፒሲ» ቀይሩት፤ ብዙ ቲቪዎች ላይ ፊደሉ ወዲያው ይጠራል። 4ኬ ቲቪ ላይ ማውሱ ከተንቀረፈፈ ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ተመልከቱ። 30 ኸርዝ ላይ ቆሞ ከሆነ ካርዱ፣ ኬብሉ ወይም የቲቪው መሰኪያ የድሮው ኤችዲኤምአይ 1.4 ሊሆን ይችላል፤ ለ60 ቢያንስ 2.0 ፈልጉ።

ካርዱ ላይ የተረፈው ዲስፕሌይፖርት (ሌላ ዓይነት የምስል መሰኪያ) ብቻ ከሆነ አዳፕተር ይሠራል፣ ግን ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውን ግዙ፤ ተገላቢጦሹ አይሆንም። ድምፁ ወደ ቲቪው ከሸሸም ከታች የስፒከሯን ምልክት ተጭናችሁ መልሱት።