ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን በመኪና ለመጎብኘት እንዴት ይታቀዳል?

በአቃቂ፣ በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ የምንኖር ሰዎች ለዚህ ጉዞ የተመቸን ነን፤ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ደጃችን ላይ ነው። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላና ሐዋሳ ተከታትለው ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሞክሩ አሉ፤ እነሱ የሚያዩት አስፋልቱን ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያዙ።

ዕቅዱን ከኪሎ ሜትር ሳይሆን ከሰዓት ጀምሩ። አእዋፍም አውሬም በደንብ የሚታዩት ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚወሰነው የት ሐይቅ ዳር እንደሚነጋላችሁ ነው። የእኔ ምርጫ የመጀመሪያው ሌሊት ላንጋኖ፣ ሁለተኛው ሐዋሳ ነው። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን መልካም ነው፤ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ወፎች ይጨመራሉ፣ መሬቱም ይደርቃል።

ነዳጅ ሙሉ፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን አረጋግጡ፣ የምታድሩበት ሆቴል ደውላችሁ ስለ መንገዱ ጠይቁ። ገንዘብ የሚተርፋችሁ ከሆነ ባይኖኩላር ግዙ ወይም ተከራዩ፤ የስልክ ካሜራ ሩቅ ያለን ወፍ ነጥብ ያደርገዋል።

ቁርስ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለችው ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ይሁን። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚያጸዱ ወጣቶች ቢላዋ ሲያነሱ፣ አባ ኮዳዎች በክንድ ርቀት ላይ ቆመው የሚጣለውን አንጀት ይጠባበቃሉ፤ ፔሊካኖቹ ከኋላ ይጋፋሉ። ጀልባ ከፈለጋችሁ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አብያታ ላይ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ለመስኖ ተጠልፈዋል፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ተስቧል፤ በዚህም የተነሳ አብያታ ክፉኛ ሸሽቷል። ካርታው ዳርቻ ብሎ ከሚያሳየው ቦታ እስከ ውሃው ድረስ ሰፊ ነጭ ሜዳ ተዘርግቷል። ከላይ ሲያዩት እንደ ሊሾ ወለል ጠንካራ ይመስላል። ከሥሩ ግን ጥቁር ጭቃ አለ። የፊት ጎማ ቅርፊቱን ሲሰብር ሹፌሩ ነዳጅ ይሰጣል፣ ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው በሆዱ ይቀመጣል። ባለ አራት ጎማ አንቀሳቃሽ መኪናም ከዚህ አያድንም፤ ይበልጥ ወደ ውስጥ ለመግባት ድፍረት ብቻ ይሰጣል።

ስለዚህ ሣሩ በሚያልቅበት ቦታ መኪናውን አቁሙና ከአብያታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ስካውት (ጠባቂ) ጋር በእግር ሂዱ። በየጥቂት እርምጃው መሬቱን በተረከዝ ምቱ፤ የረገጣችሁበት ከጠቆረና ውሃ ካቀረረ ተመለሱ። ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ምንቃራቸውን ገልብጠው ከውሃው አልጌ ያጣራሉ። ራሳቸውን ቀና አድርገው አብረው መራመድ ከጀመሩ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ቁሙ። ለፎቶ ብሎ መንጋውን ማስነሳት ነውር ነው፤ ያ ሁሉ ወፍ የሚበላውን ትቶ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል።

በአብያታና በሻላ መካከል ካለው ከፍታ ሻላንም እዩ፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው። በፓርኩ በር አካባቢ ሰጎንና ከርከሮ ይታያሉ።

ሐዋሳ ላይ ማለዳ አሞራ ገደል ሂዱ፣ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ፈልጉ። ጦጣዎቹን አታብሉ፤ ዳቦ የለመደች ጦጣ የሕፃን እጅ ትነክሳለች። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ቢልሃርዚያ ስላለ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ሲመሽም ከዳርቻው ራቁ፣ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነውና በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ለሞት ያደርሳል።

በመጨረሻው ቀን ከሐዋሳ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ውጡ። ከሻሸመኔ እስከ ባቱ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ መንገዱን ይጋራሉ፣ ጋሪው መብራት የለውም። ባቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደረሳችሁ ቀሪው የፍጥነት መንገድ ነው።