የሙዚቃ ስብስብን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ እንዴት ማመሳሰል ይቻላል

በኮምፒውተር ላይ ያለ የሙዚቃ ስብስብ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዘፈኖቹ ራሳቸው፣ ማለትም የኤምፒስሪ፣ የፍላክ ወይም የሌላ ዓይነት ፋይሎች ናቸው። ሌላው ማጫወቻው ስለ እነዚህ ፋይሎች የያዘው መዝገብ ነው፤ የትኛው ዘፈን የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ጊዜ እንደተደመጠ፣ ስንት ኮከብ እንደተሰጠው የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። መመሳሰል ያለባቸው ፋይሎቹ ብቻ ናቸው። መዝገቡን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለራሱ ይሥራ።

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው። አይቲዩንስ በመዝገቡ ውስጥ የሚይዘው የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ስለሆነ፣ በአንዱ ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ላይ ያለው ዘፈን በሌላው ሲ ላይ ከሆነ በየዘፈኑ አጠገብ የቃለ አጋኖ ምልክት ይደረደራል። ስትሮውቤሪና ክሌመንታይን የሚባሉት ማጫወቻዎች ደግሞ መዝገባቸውን ኤስኪውላይት በሚባል ዳታቤዝ ይይዛሉ፤ ማጫወቻው ክፍት እያለ ይህ ዳታቤዝ ኮፒ ከተደረገ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ላይብረሪው አልከፈትም ይላል።

ለዚህ ሥራ እዚህ የተመረጠው ፕሮግራም ሲንክቲንግ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ፋይሎቹ በማንም ሰርቨር ላይ አይቀመጡም፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ተመስጥረው ይሄዳሉ። ስለዚህም ሁለቱ ኮምፒውተሮች በተመሳሳይ ሰዓት በርተው መገናኘት አለባቸው። ላፕቶፑ ሲበራ ዴስክቶፑ የሚጠፋ ከሆነ ምንም አይተላለፍም፤ ሁልጊዜ የሚበራ ትንሽ ኮምፒውተር በመካከል ቢገባ ግን ሁለቱንም ያገናኛል።

1. ባክአፕና ዝግጅት

ስብስቡን በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ኮፒ ያድርጉና ዲስኩን ነቅለው ያስቀምጡ። ማመሳሰል ባክአፕ አይሆንም፤ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በስህተት የተሰረዘ አልበም ወዲያው በሌሎቹም ላይ ይሰረዛል፣ ፕሮግራሙ የታዘዘው እንዲህ እንዲያደርግ ነውና።

ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር ዋና አድርገው ይምረጡ። አዲስ ዘፈን የሚገባው፣ ታግ (በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የአርቲስት፣ የአልበምና የርዕስ መረጃ) የሚስተካከለው፣ የፎልደር ስም የሚቀየረው እዚያ ላይ ብቻ ይሁን። በሁለት ቦታ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ሥራው እጥፍ ነው፣ የሚያስከትለውን ከታች ያዩታል።

2. የፋይል ስሞችን ማስተካከል

ይህ አሰልቺ ክፍል ነው፤ መዝለል ግን አያዋጣም። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ እነዚህን ዘጠኝ ምልክቶች አይቀበልም፦ : ? * " < > | / \ ። ስሙ በነጥብ ወይም በባዶ ቦታ ካለቀም ችግር ይፈጥራል። ሊኑክስ ላይ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ርዕስ ያለው ዘፈን ዊንዶውስ ላይ ሊጻፍ ስለማይችል ስብስቡ መቶ በመቶ ሳይደርስ ይቆማል። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ለይቶ ያያል፤ ዊንዶውስና ማክ ግን በተለምዶ አይለዩም። ስለዚህ የአንድ አርቲስት ስም አንዴ በትልቅ፣ አንዴ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ሁለት ፎልደር ከሆነ አስቀድመው አንድ ያድርጓቸው።

በግዕዝ ፊደል ለተጻፉ ርዕሶች ደግሞ የርዝመት ጣጣ አለ። በሊኑክስ የተለመዱት የፋይል ሥርዓቶች ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል መጻፊያ ስልት ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከ85 ፊደል በላይ አይገባም፤ የትራክ ቁጥሩና የፋይሉ ቅጥያም ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ። የተሳታፊ ድምፃውያንን ስም ሁሉ በፋይሉ ስም ላይ መደርደር የለመደ ሰው እዚህ ገደብ ላይ ቶሎ ይደርሳል። ዊንዶውስ ላይ የሚቆጠረው ሙሉ አድራሻው ነው፤ ከ260 ፊደል ካለፈ ብዙ ፕሮግራሞች ፋይሉን መክፈት ያቅታቸዋል። የሙዚቃውን ፎልደር በአሥር ፎልደሮች ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ወደ ድራይቩ መነሻ ማቅረብ ይሻላል።

እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ መቀየር አያስፈልግም። ሙዚክብሬይንዝ ፒካርድ የሚባለው የታግ ማስተካከያ ፕሮግራም በታጉ ላይ ያለውን መረጃ ተከትሎ ሁሉንም እንደገና ይሰይማል፤ በስም አሰጣጥ ቅንብሩ ውስጥ ለዊንዶውስ ተስማሚ የሚያደርገውን አማራጭ ያብሩና አርቲስት፣ አልበም፣ ከዚያ የትራክ ቁጥርና ርዕስ በሚል ቅደም ተከተል ያስኬዱት። ሲንክቲንግ ከመጫኑ በፊት ይጨርሱት።

3. ፋይል የሚያንቀሳቅሱ ማጫወቻዎችን ማስቆም

አንዳንድ ማጫወቻዎች ፎልደሮችን በራሳቸው መንገድ ያደራጃሉ። በአፕል ሙዚክና በአይቲዩንስ ውስጥ የሙዚቃ ፎልደሩን በሥርዓት አስቀምጥ የሚለውን፣ እንዲሁም ፋይሎችን ወደ ሙዚቃ ፎልደር ኮፒ አድርግ የሚለውን አማራጭ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ያጥፉ። ሁለት ማጫወቻዎች በተለያየ ሥርዓት ስም የሚሰጡ ከሆነ፣ አንዱ የቀየረውን ሌላው ይመልሰዋል፤ ፎልደሮቹ ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ይውላሉ።

ኮከብና የተደመጠበትን ብዛት በዘፈኑ ታግ ውስጥ የሚጽፍ ማጫወቻ ካለ ይህንንም ያጥፉ፤ አለበለዚያ ሙዚቃ በሰሙ ቁጥር ፋይሉ ተቀይሯል ተብሎ ይላካል።

4. የመጀመሪያውን ኮፒ በዲስክ ማድረግ

በ320 ኪሎቢት የተቀዳ የ4 ደቂቃ ዘፈን 9.6 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 10,000 እንዲህ ያሉ ዘፈኖች 96 ጊጋባይት ይሆናሉ። በ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ላይ፣ ምንም መዘግየት ሳይኖር፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ደካማ ዋይፋይ ላይ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ፍላክ ከሆነ መጠኑ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ስብስቡን በውጫዊ ዲስክ ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ይውሰዱ። ሲንክቲንግ ሲጀምር በሁለቱም በኩል ያለውን ፋይል አንብቦ ይዘቱ አንድ መሆኑን ሲያረጋግጥ እንደገና አይልክም። ይህ የመጀመሪያ ንባብ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ተንጠልጥሏል ብለው አያቋርጡት።

5. ሲንክቲንግን ጭኖ ማገናኘት

በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከተጫነ በኋላ ብሮውዘር ከፍተው 127.0.0.1:8384 ብለው ይጻፉ፤ መቆጣጠሪያ ገጹ ይመጣል። በሴቲንግስ ውስጥ መጀመሪያ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያስገቡ። ፋየርዎል ሲጠይቅ በግል ኔትወርክ ላይ ይፍቀዱለት፤ ፕሮግራሙ የሚጠቀመው 22000 ፖርትን፣ በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን ለመፈለግ ደግሞ 21027ን ነው።

በዋናው ኮምፒውተር ላይ አክሽንስ ከዚያ ሾው አይዲ ሲሉ በሰረዝ የተከፋፈለ ረጅም መለያ ይወጣል። በሁለተኛው ላይ አድ ሪሞት ዲቫይስ ብለው ያስገቡት። ወዲያው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ይህ መሣሪያ መገናኘት ይፈልጋል የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ይቀበሉ። ሁለቱ በአንድ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ መለያውን መገልበጥ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ የመጨመሪያው መስኮት በአቅራቢያ ያሉትን ራሱ ይዘረዝራል።

አሁን በዋናው ላይ አድ ፎልደር ብለው የሙዚቃውን ፎልደር አድራሻ ያስገቡ፣ ሼሪንግ በሚለው ሥር ሁለተኛውን ኮምፒውተር ይምረጡ፣ አድቫንስድ በሚለው ሥር የፎልደሩን ዓይነት ሰንድ ኦንሊ ያድርጉ። በሁለተኛው ላይ የመጋሪያው ጥያቄ ሲመጣ ተቀብለው አድራሻውን በዲስክ የቀዱት ስብስብ ወዳለበት ፎልደር ያስተካክሉ፤ ዓይነቱን ደግሞ ሪሲቭ ኦንሊ ይበሉት። አድራሻውን ሳያዩ ካጸደቁት ፕሮግራሙ አዲስ ባዶ ፎልደር ፈጥሮ 96 ጊጋባይቱን ከዜሮ ማውረድ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሪሲቭ ኦንሊ በሆነ ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ከተቀየረ ሪቨርት ሎካል ቼንጅስ የሚል ቁልፍ ይመጣል። ከመጫንዎ በፊት ያስቡ፤ የተቀየረውን ወደ ዋናው ቅጂ ይመልሳል፣ እዚያ ብቻ የተጨመሩ ዘፈኖችን ግን ይሰርዛል። ወደዋናው ያላለፈ ዘፈን ካለ መጀመሪያ በእጅ ይውሰዱት።

6. የተሰረዘውን የሚይዝ መከላከያ

ለእያንዳንዱ ፎልደር ፋይል ቨርዥኒንግ የሚል ክፍል አለ። ለሙዚቃ ትራሽ ካን የሚለው ይበቃል፤ የተሰረዘውንና የተተካውን ፋይል ወደ ድብቅ ፎልደር ያዛውራል፣ ለ30 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። አንድ ነገር ይወቁ፦ ቨርዥኒንግ የሚይዘው ከሌላ ኮምፒውተር የመጣውን ለውጥ ብቻ ነው። በዋናው ላይ በእጅዎ የሰረዙት አልበም የሚገኘው በሁለተኛው ኮምፒውተር ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማብራት ያለብዎት በተቀባዩ በኩል ነው።

7. ማጫወቻውንና ፕሌይሊስቱን ማስተካከል

በየኮምፒውተሩ ማጫወቻውን ከፍተው ያንን ፎልደር እንዲከታተል ያዝዙት፤ ሙዚክቢም ሆነ ፉባር 2000 አዲስ የገባውን ዘፈን ራሳቸው ያነባሉ።

ፕሌይሊስት ከማጫወቻው መዝገብ ውጪ እንዲወጣ በኤም3ዩ8 ፋይል መልክ ኤክስፖርት አድርገው በሙዚቃ ፎልደሩ መነሻ ላይ ያስቀምጡት። 8 የሌለበት አሮጌው ዓይነት ሁልጊዜ ዩቲኤፍ 8ን ስለማይጠቀም የግዕዝ ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክት ሊቀየሩ ይችላሉ። ከዚያ በጽሑፍ ማረሚያ ይክፈቱትና በየመስመሩ ያለው አድራሻ ከድራይቭ ስም መጀመር የለበትም፤ ከአርቲስቱ ፎልደር ይጀምር። መለያያው ደግሞ / ይሁን፤ ሊኑክስ \ን እንደ ፎልደር መለያ አያነብም።

ሲበላሽ

ታግ ተስተካክሎ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ካልታየ፣ የታግ ፕሮግራሙ የፋይሉን የተቀየረበት ሰዓት እንዳለ እንዲያቆይ ታዞ እንደሆነ ይመልከቱ። ሲንክቲንግ ለውጥን የሚያውቀው በመጠንና በሰዓት ነው። የኤምፒስሪ ታግ መጨረሻው ላይ ትርፍ ባዶ ቦታ ስላለው አንድ ፊደል ቢቀየር መጠኑ አይለወጥም፤ ሰዓቱም ካልተለወጠ ለፕሮግራሙ ምንም አልተነካም። በፒካርድና በኤምፒስሪታግ ቅንብር ውስጥ ይህን ሰዓት የሚያቆየውን አማራጭ ያጥፉት።

በተቃራኒው፣ ትልቅ የአልበም ሽፋን ሲጨመር ባዶው ቦታ ስለማይበቃ ድምፁ ራሱ በፋይሉ ውስጥ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያኔ አብዛኛው ፋይል እንደ አዲስ ሊላክ ይችላል። ለመላው ስብስብ ሽፋን ማስገባት ካሰቡ ኮምፒውተሮቹ በገመድ በተገናኙበት ጊዜ ያድርጉት።

ስሙ ውስጥ ሲንክ ኮንፍሊክት የሚል የገባበት ፋይል ካዩ፣ ፎልደሩ ከሁለቱም ወገን እንዲላክ ተደርጎ አንድ ዘፈን በሁለት ቦታ ተስተካክሏል ማለት ነው። ቀድሞ የተቀየረው ነው ይህ ስም የሚሰጠው። ታጎቹን አወዳድረው አንዱን ይሰርዙ፤ ሳይሰረዝ ከቆየ ማጫወቻው ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ይዘረዝራል።

ፍጥነቱ ከተለመደው በታች ከሆነ የመሣሪያውን ስም ጠቅ አድርገው የግንኙነቱን ዓይነት ይመልከቱ። ሪሌይ የሚል ከሆነ ኮምፒውተሮቹ በቀጥታ አልተገናኙም፤ በሌላ ሰርቨር በኩል ዞረው ነው የሚያወሩት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፋየርዎል፣ ወይም አንዱ ኮምፒውተር በእንግዳ ዋይፋይ ላይ መሆኑ ነው።

ሙዚቃው በውጫዊ ዲስክ ላይ ሆኖ የፎልደር ማርከር ጠፍቷል የሚል ስህተት ከመጣ፣ ዲስኩ አልተሰካም ወይም የድራይቭ ስሙ ተቀይሯል። ማርከሩ ሲንክቲንግ በፎልደሩ ውስጥ የሚያኖረው ድብቅ ምልክት ነው፤ እሱን ሲያጣ ዘፈኖቹ ተሰርዘዋል ብሎ ለሌሎቹ እንዳያስተላልፍ ሥራውን ያቆማል። ስህተቱን ለማጥፋት ብለው በባዶው ቦታ ላይ ማርከሩን በእጅ አይፍጠሩ፤ ያኔ ባዶነቱ ትክክል ነው ብሎ ስረዛውን ወደ ሁሉም ይልካል። ዲስኩን ሰክተው ሪስካን ይበሉት።