ለካይት ወደ ፓጄ ሲኬድ፦ መጀመሪያ ነፋሱ፣ ቀጥሎ ጨረቃዋ፣ ከዚያ ቲኬቱ

ፓጄ በዛንዚባር ዋና ደሴት በኡንጉጃ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ያለች መንደር ናት። ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ የኮራል አለት እንደ ግንብ ተዘርግቶ ትልቁን የውቅያኖስ ማዕበል ያስቀራል። ከአለቱ ወዲህ ያለው ውኃ ለጥ ያለና ሞቃት ነው፤ በብዙ ቦታ ቆሞ ያስኬዳል። ለካይትሰርፊንግ፣ ማለትም ነፋስ በሚያነሣው ትልቅ የጨርቅ ካይት እየተጎተቱ በቦርድ ውኃ ላይ ለመንሸራተት፣ የተፈለገችውም በዚህ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል፣ ከዛንዚባር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መንደሯ ደግሞ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ብዙዎች ቲኬትና ሆቴል አስቀድመው ይይዙና ነፋስ የሌለበት ሳምንት ላይ፣ ወይም ውኃው ሸሽቶ አሸዋው ብቻ በቀረበት ሰዓት ይደርሳሉ።

ነፋሱ በዓመት ሁለት ወቅት አለው። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ኩሲ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ማለትም በእኛ ክረምት ይነፍሳል፤ ከሁለቱ ጠንከር ያለውም እሱ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ካስካዚ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጨረሻ ይቆያል፤ ገናንና ጥምቀትን ይዞ ለመሄድ ለሚያስብ ይመቻል። በመካከል ያሉትን ወራት ተዉዋቸው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ረጅሙ ዝናብ ማሲካ ነው፤ በኅዳር ደግሞ አጭሩ ዝናብ ቩሊ ይገባል። በእነዚህ ጊዜያት ክፍል ይረክሳል፣ ካይቱ ግን ከቦርሳው ሳይወጣ ሊመለስ ይችላል። በደህናው ወቅትም ቢሆን በየቀኑ ነፋስ አይጠበቅም፤ ከሰባት ቀን በታች ባትይዙ ይሻላል፣ አሥር ቀን ቢሆን ደግሞ ልብ ያሳርፋል።

ወሩን ከመረጣችሁ በኋላ ቀኑን የምትመርጡት በጨረቃ ነው። የፓጄ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ በተለይም ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ስዋሂሊዎች ይህን ጊዜ ባምቩአ ይሉታል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ በጣም ያንሳል፤ ይኸኛው ማጂ ማፉ፣ «የሞተ ውኃ» ነው።

በባምቩአ ቀናት ውኃው ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጎድላል፤ ለመንሳፈፍ የሚበቃ ጥልቀት ለማግኘት በአሸዋና በአለት ላይ ረጅም መንገድ መሄድ ይጠይቃል። ከሰዓት በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሞልቶ እስከ ሆቴሎቹ አጥር ይጠጋል፤ ዳርቻው ጠብቦ ካይት ማንሻ ቦታ ይጠፋል፣ ውኃውም ይረበሻል። ምርጡ ሰዓት በመካከል ያለው፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ውኃው እየሞላ ሲመጣ ነው። በማጂ ማፉ ሳምንት ግን ውኃው ከጽንፍ ጽንፍ ስለማይሄድ ረዘም ላለ ሰዓት ይሠራበታል። ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያዎቹን የትምህርት ቀናት ከግማሽ ጨረቃ ሁለት ቀን በፊት ጀምሩ። ወገብ የሚደርስ ውኃ በቀን ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚመች ነገር አለ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። አስተማሪው «ሳ ኩሚ» ካለ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው። የታተመው የሙላትና ጉድለት ሠንጠረዥ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፍ 16:00 የሚለውን 10 ሰዓት ብላችሁ አንብቡ። ሁለቱን ማደባለቅ ስድስት ሰዓት ያሳስታል፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ ሙላቱን ጉድለት ለማድረግ በቂ ነው።

የካይት መጠን በግምት እንዲህ ይሰላል፦ የሰውነት ክብደት በኪሎ፣ ሲካፈል ለነፋሱ ፍጥነት በኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ ሲባዛ በ2.2። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ18 ኖት 9 ሜትር ካሬ፣ በ14 ኖት 12 ይፈልጋል። 58 ኪሎ ለሆነ ሰው በ16 ኖት 8 ይበቃል። ስለዚህ ለ75 ኪሎ ሰው 9 እና 12 ይዞ መሄድ አብዛኛውን ቀን ይሸፍናል። ጀማሪ ምንም መግዛት የለበትም፤ ዕቃው ከትምህርቱ ጋር ይሰጣል። ራስን ችሎ ለመንዳት በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ያስፈልጋል፤ በሦስት ሰዓት እናስጨርሳችኋለን የሚል ካለ አትቀበሉት። ደጋ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር እንቀራለንና፣ ከጉዞው ሁለት ወር በፊት መዋኛ ገንዳ ግቡ። ሳያርፉ 50 ሜትር መዋኘትና ጥልቅ ውኃ ላይ በጀርባ ተረጋግቶ መንሳፈፍ ካልተቻለ የካይት ትምህርቱ ይቆይ።

የራሳችሁን ዕቃ ከያዛችሁ ሁለት ካይት፣ ባር (ካይቱ የሚመራበት ዘንግ)፣ ቦርድ፣ ሃርነስ (ካይቱ የሚያያዝበት የወገብ ማሰሪያ) እና ፓምፕ ከነቦርሳው ከ20 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ችግሩ ርዝመቱ ነው። አየር መንገዶች ለተራ ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ 138 ሴንቲ ሜትር ቦርድ የያዘ ቦርሳ ግን ከ200 ያልፋል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደውላችሁ የስፖርት ዕቃ መሆኑን አስመዝግቡ፤ ክፍያውንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዋናው ዕቃ ጋር የብላደር (ካይቱ ውስጥ ያለው አየር የሚነፋበት ከረጢት) መጠገኛ፣ የጨርቅ መለጠፊያ፣ ትርፍ የቦርድ ክንፍ ከነብሎኑና መፍቻው፣ የገመድ መቁረጫ ቢላዋ ጨምሩ። ቢላዋው በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይገባም። ሶላቸው ጠንካራ የሆነ የውኃ ጫማዎችም የግድ ናቸው፤ አለቱ ላይ የባሕር ጃርት ሞልቷል፣ እሾሁም ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ወረቀቱ ብዙ አይደለም። የቪዛውን ሁኔታ ከታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ አረጋግጡ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። በፈረንጆች ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የ44 ዶላር ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፤ እሱ አለ ብላችሁ ግን አትዘናጉ፣ ካይትሰርፊንግን በስም የሚሸፍን ሌላ ውል ያዙ። ስለ ወባም ሐኪም አማክሩ። ፌስታል ይዞ መግባት ስለተከለከለ ዕቃችሁን በጨርቅ ከረጢት አስሩ።

ዳርቻው ላይ ቆማችሁ ወደ ባሕሩ ስትመለከቱ ኩሲ በቀኝ በኩል፣ ካስካዚ በግራ በኩል ይመጣል፤ ሁለቱም በመጠኑ ወደ የብስ ይገፋሉ። ነገር ከተበላሸ ወደ የብስ መመለሳችሁ መልካም ነው፤ ሆኖም ከኋላችሁ ኮኮናትና ግንብ አለ። ገመዱ 24 ሜትር ስለሆነ ካይት ስታስነሡ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ቢያንስ 50 ሜትር ባዶ ቦታ ይኑር፤ ከተነሣም በኋላ ዳር ላይ ሳትቆሙ ቶሎ ወደ ውኃው ግቡ። ሳታስነሡት በፊት ገመዶቹን ከባሩ እስከ ካይቱ እየተከተላችሁ በእጃችሁ ለዩ፤ አንዱ ተሻግሮ ከታሰረ ካይቱ መዞር ይጀምርና እየጎተተ ይወስዳል። በአደጋ ጊዜ ካይቱን የሚለቀውን አስቸኳይ መፍቻ በየቀኑ ሞክሩት፤ አሸዋና ጨው ይዘጋዋል። የተነፋ ካይት ፀሐይ ላይ አታቆዩ፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ የቫልቩ ሙጫም ይለቃል።

ውኃው ውስጥ እንጨት ተተክሎ ገመድ የተወጠረበት ቦታ ካያችሁ ዙሩት። የመንደሩ ሴቶች የባሕር አረም እርሻ ነው፤ የቦርድ ክንፍ አንዴ ካለፈበት የሳምንታት ድካማቸውን ይቆርጣል። ውኃ በሚጎድልበት ሰዓት ደግሞ በአለቱ ክፍተቶች አትጠጉ፤ የሚወጣው ውኃ በዚያ ተጠራቅሞ ወደ ውጭ ይስባል። ከዳርቻው ወደ መንደሩ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ደርቡ፤ ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ ይህን ያከብርላችኋል።

የመጨረሻውን ቀን ለማድረቅ ተዉት። ካይቱን፣ ገመዱንና ሃርነሱን በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ ዘርጉት፣ ቫልቮቹን ክፈቱ። እርጥብ ካይት ቦርሳውን ከማክበዱም በላይ አዲስ አበባ ደርሶ ሳይከፈት አንድ ሳምንት ከቆየ ይሻግታል።