በሙቀት ወቅት መናፈሻ ውስጥ ብስክሌት እንዴት እንደሚነዳ

ብስክሌት በሙቀት ጊዜ ይሸውዳል። በእግር ስትሄዱ ሙቀቱ ገና ከበር ስትወጡ ይታወቃችኋል። ብስክሌት ላይ ግን ነፋሱ ላባችሁን ቶሎ ቶሎ ስለሚያደርቀው ቀዝቀዝ ያላችሁ ይመስላችኋል። ጉዱ የሚታየው ስትቆሙ ነው። እኔ አንድ ቀን ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ወጥቼ አርባ ደቂቃ ያህል ደስ ብሎኝ ስዞር ቆየሁና እስቲ ትንሽ ልረፍ ብዬ አቆምኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ ላቡ ከግንባሬ ይወርድ ጀመር፣ ራሴን አዞረኝ፣ ያገኘሁት አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘረርኩ። መንገዱ ሜዳ ነበር፣ ፍጥነቴም የሽርሽር ነበር። ጥፋቱ የሰዓቱና የውሃው ነው። ውሃውን ይዤዋለሁ እኮ፣ አልጠጣሁትም እንጂ።

ሰዓቱን ምረጡ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ። ጥሩው ጊዜ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ነው። ፀሐይ የምትበረታው ቀትር ላይ ቢሆንም አየሩ ከሁሉ በላይ የሚግለው ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ «ፀሐይዋ እኮ ዘንበል ብላለች» ብሎ በ9 ሰዓት የሚወጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምሽቱም ቢሆን ከጠዋቱ ጋር እኩል አይደለም። አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀኑን ሙሉ የጠጡትን ሙቀት ማታ ነው የሚመልሱት። ማታ ብቻ ከሆነ የሚመቻችሁ ፀሐይ ከገባች በኋላ ቆየት ብላችሁ ውጡ፣ የፊትና የኋላ መብራት ግን ይኑራችሁ።

የአየር ትንበያ ስታዩ ዲግሪውን ብቻ አትዩ፣ እርጥበቱንም እዩ። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ አየሩ ራሱ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ ከመተን ይልቅ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ደረቅ 35 ዲግሪ አንዳንዴ ከወበቃማ 30 ይሻላል።

ማታውኑ አዘጋጁ

ጠዋት እንቅልፍ ሰበብ ይፈልጋል፣ ሰበብ አትስጡት። የውሃ ጠርሙሱን ግማሽ ብቻ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ ጠዋት ቀሪውን በውሃ ትሞሉታላችሁ። ሙሉውን ካስገባችሁት ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል።

ጎማውን ንፉ። ስንት መነፋት እንዳለበት ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ለመናፈሻ ሽርሽር ከከፍተኛው ቁጥር ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይመቻል። በነገራችን ላይ ሙቀት ጎማ ያፈነዳል እየተባለ የሚወራው ተጋኗል፤ በ40 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ 20 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ የሚጨምረው 3 ወይም 4 ያህል ነው። የሚፈነዳው መጀመሪያውኑ ከልኩ በላይ የተነፋው፣ ወይም አርጅቶ የተሰነጣጠቀው ነው። ያም ሆኖ ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ ማዋል አያስፈልግም።

ፍሬኑን ጨበጥ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ የፊቱንም የኋላውንም። መቀመጫው ልክ መሆኑን ለማወቅ ግድግዳ ተደግፋችሁ ውጡበትና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ስትነዱ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስለምትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል። አብዛኛው ሰው መቀመጫውን በጣም ዝቅ አድርጎ ነው የሚነዳው፣ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል።

ልብስ

ቀለል ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ነጣ ያለ። ለግማሽ ሰዓት ጥጥ ቲሸርት ምንም አይልም፣ በወበቅ ግን ላብ ጠጥቶ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ ያኔ ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ይሻላል። ሄልሜቱ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ከሥሩ ወፍራም ኮፍያ አታድርጉ። ላብ ዓይን ውስጥ እየገባ ካስቸገራችሁ ስስ ጨርቅ ግንባር ላይ ማሰር ይበቃል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ኤስ ፒ ኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ከመውጣታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ተቀቡ። ሁሉም ፊቱን ይቀባና ጆሮውን፣ ማጅራቱንና የእጁን ጀርባ ይረሳል፤ መሪ የጨበጠ እጅ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፀሐይ ላይ ነው።

አሁን ውጡና ንዱ

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃዎች በቀላል ማርሽ፣ ዘና ብላችሁ። ልኩን የምታውቁት በወሬ ነው፦ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ትንፋሽ ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻላችሁ ጥሩ ነው፣ ካልቻላችሁ ቀንሱ። ሙቀቱን ካልለመዳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፣ በጉልበት አይፋጠንም።

መንገድ ስትመርጡ ጥላ ፈልጉ። ጠዋት ፀሐይዋ ከምሥራቅ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ጥላው ረጅም ነው፣ የሚወድቀውም ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ በምሥራቅ ጎኑ ዛፍ የተደረደረበትን መንገድ ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ግን በተቃራኒው። ከደማቅ ፀሐይ በቀጥታ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ስለሚጨልምበት የዛፍ ሥሩም ጉድጓዱም አይታይም፣ በተለይ ጥቁር መነጽር ካደረጋችሁ። እዚያ ላይ ዝግ በሉ።

ነፋሱን ደግሞ አስተውሉ። ፊት ለፊት ሲመጣ ያደክማል ግን ያቀዘቅዛል። ከኋላ ሲገፋችሁ ደስ ይላል፣ ግን ከእናንተ ፍጥነት ጋር እኩል ከሆነ ዙሪያችሁ ያለው አየር የቆመ ያህል ነው፣ እና ላቡ አይደርቅም። ዳገት ላይም እንደዚሁ፤ ድካሙ ይጨምራል፣ ነፋሱ ይጠፋል። ዳገቱ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ነውር የለውም።

ውሃ በየአስር አስራ አምስት ደቂቃው ፉት በሉ። በሙቀት ለአንድ ሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ድረስ ሊያስፈልግ ይችላል፣ እንደ ላባችሁ ነው። ጠጥቼ ልገላገል ብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ መገልበጥ ግን አይጠቅምም፤ ከልክ በላይ የተጠጣ ውሃ የደምን ጨው ስለሚያቀጥነው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከነዳችሁ ጨውነት ያለው መክሰስ ያዙ።

መናፈሻው የእናንተ ብቻ አይደለም። ሕፃን ሳያስብ ዘወር ይላል፣ ውሻ ገመዱን እንደያዘ መንገድ ያቋርጣል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሰው ደወል አይሰማም። እግረኛ ባለበት ዝግ ብላችሁ፣ ደወሉን ከሩቅ ደውላችሁ እለፉ። ጠጠር ላይና ሣር ውሃ ሲጠጣ የረጠበ መንገድ ላይ እየታጠፋችሁ የፊት ፍሬን አትጨብጡ፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ቀንሱ። ላብ ያራሰው እጅም መሪ ላይ ይንሸራተታል፤ ስስ ጓንት ወይም ኪስ ውስጥ ትንሽ ፎጣ ይጠቅማል።

ስታቆሙ

የእኔን ስህተት አትድገሙ። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ጥላ ለጥላ በዝግታ ነድታችሁ፣ ከወረዳችሁም በኋላ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ትንሽ ተራመዱ። እርጥብ ጨርቅ ማጅራት ላይ ማድረግ ነፍስ ይዘራል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ ከተሰማችሁ ጉዞው አብቅቷል፦ ጥላ፣ ውሃ፣ እረፍት። «እቤት ልድረስና አርፋለሁ» አይሠራም። አብሯችሁ ያለው ሰው ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ የት እንዳለ ግራ ከገባው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ ሕይወትም ያልፋል። ወዲያው ድንገተኛ እርዳታ ጥሩ፤ እስኪመጣ ድረስ ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ፣ ልብሱን አላልታችሁ፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። በአፉ ምንም አትስጡት።

ቤት ስትደርሱ መሪውንና የብስክሌቱን አካል በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ላብ ጨው ነው፣ ብሎን ያዝጋል። ሰንሰለቱ አቧራ ከያዘ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ጠብታ ዘይት አድርጉበት፤ የተረፈውን ዘይት መልሳችሁ ካልጠረጋችሁት ነገ ብዙ አቧራ ይሰበስባል። ጠርሙሱንም እጠቡና እንደገና ግማሽ ሞልታችሁ ወደ ፍሪዘር መልሱት።