ልጆች ጠባቸውን ራሳቸው እንዲፈቱ ማስተማር

ሁለት ልጆች ተጣልተው ሲመጡ ከአዋቂው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ማን ጀመረ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ልጆቹን ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጠያቂውን ደግሞ ዳኛ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚተጉት ዳኛውን ለማሳመን እንጂ እርስ በርስ ለመግባባት አይደለም። እኔም በማስተማር ሥራዬ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። የፈረድኩለት ልጅ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ የፈረድኩበት አኩርፎ ይቀመጣል፣ ጠቡም በማግስቱ በሌላ ሰበብ ይመለሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አዋቂው የዳኝነቱን ወንበር መልቀቅ አለበት።

ቀጥሎ ማወቅ ያለብን ትምህርቱ የሚሰጠው ጠብ በተነሳበት ሰዓት አለመሆኑን ነው። ሰው ሲቆጣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጡንቻው ይወጠራል። ስሜትን ለመግታትና አስቦ ለመወሰን የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እድገቱን የሚጨርሰው 25 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ የ8 ዓመት ልጅ በንዴት ላይ እያለ አዲስ ነገር እንዲማር መጠበቅ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው። ልምምዱ በሰላሙ ጊዜ፣ በተረት ገጸ ባሕርያት፣ በአሻንጉሊት ወይም ልጆቹ ተራ በተራ በሚጫወቱት አጭር ትዕይንት ይደረግ። በዚያው ጊዜ ልጁ ንዴት ከሰውነቱ ክፍል የት እንደሚጀምረው ይጠየቅ። አንዱ ጆሮው እንደሚግል፣ ሌላው እጁ በራሱ እንደሚጨበጥ ይናገራል። ይህን ምልክት የለየ ልጅ እጁን ከመሰንዘሩ በፊት ዞር ብሎ ረጅም ትንፋሽ ለማስወጣት ወይም ውሃ ለመጠጣት ዕድል ያገኛል። ሆኖም ዞር ማለቱ ነገሩን አድበስብሶ ማለፍ እንዳይሆን፣ ተመልሰው የሚነጋገሩበት ሰዓት እዚያው ይወሰን።

ሰከን ካሉ በኋላ የሚያስፈልገው የአነጋገር ክህሎት ነው። ቶማስ ጎርደን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ፣ ተናጋሪው ሌላውን ከመክሰስ ይልቅ የራሱን ስሜት እንዲገልጽ የሚያደርግ ሲሆን፣ በብዙ ቋንቋዎች «እኔ» በሚለው ቃል የሚጀምር ዐረፍተ ነገር እየተባለ ይሰጣል። በአማርኛ ግን ቁም ነገሩ ያለው «እኔ» በሚለው ቃል ላይ ሳይሆን በግሱ ላይ ነው። «አናደድከኝ» የሚለው ቃል ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል፤ «ተናደድኩ» የሚለው ግን ስሜቱን ይናገራል፣ ማንንም አይከስም። ልጆች ይህን ልዩነት ሲያዩት ቶሎ ይገባቸዋል፤ «አሳዘንሽኝ» እና «አዘንኩ»፣ «አስፈራኸኝ» እና «ፈራሁ» እያሉ እንደ ጨዋታ ጥንድ ጥንዱን ሲያወጡ ሰምቼአለሁ። ከዚያ ሦስት ነገሮችን ማገናኘት ይለማመዱ፤ የሆነውን፣ የተሰማቸውንና የሚፈልጉትን። «እርሳሴን ሳትጠይቀኝ ስትወስድ ተናደድኩ፤ መጀመሪያ እንድትጠይቀኝ እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ «አንተ ሌባ!» ከሚለው ይልቅ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። «ክፉ እንደሆንክ ይሰማኛል» የሚለው አባባል ግን ስሜት የለበሰ ስድብ ስለሆነ ሲሰማ ይታረም።

አድማጩ ደግሞ የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ ይናገር፤ ተናጋሪው «አዎ፣ እንደዚያ ነው» እስኪል ድረስ የራሱን ክርክር አይጀምር። በ6 እና በ7 ዓመት ዕድሜ ነገሩን በሌላው ዓይን ማየት ገና አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ለትንንሾቹ «እሱ ምን ያለ ይመስልሃል?» ከማለት «አሁን ምን አለ?» ማለት ይቀላል።

ከሁሉ ከባዱ ልጁ «ይሰጠኝ» የሚለውን ነገር ለምን እንደፈለገው ማግኘት ነው። በአንድ ወቅት ሁለት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ከፊት ለፊት ባለ አንድ መቀመጫ ተጣሉ። «ለምን እዚያ?» ስላቸው ሁለቱም «ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ» አሉ። ጥያቄውን ቀይሬ «እዚያ ስትቀመጪ ምን ይሻልሻል?» ስል አንደኛዋ ከኋላ ስትሆን በሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ እንደሚደበዝዝባት፣ ሌላዋ ደግሞ ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ ወንበሯን በእግሩ እየመታ እንደሚያስቸግራት ነገሩኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ መቀመጫው ሰበብ እንጂ ሥሩ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ወላጆቿም ዓይኗን እንዲያስመረምሩላት ተነገራቸው፤ ሁለተኛዋ ከዚያ ልጅ ራቅ ያለ ሦስተኛ ረድፍ ራሷ መርጣ ሄደች። ማን ቀድሞ እንደደረሰ አጣርቼ ፈርጄ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

መፍትሔውን ልጆቹ ራሳቸው ያምጡ። ቢያንስ ሦስት ሐሳብ እስኪወጣ ድረስ የማንኛውም ሐሳብ አይነቀፍ፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የአንዱን ወገን ብቻ የሚጠቅም ነውና። አዋቂው ዝም ብሎ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ይህ ዝምታ ለእኔ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ይቅርታ መጠየቅንም ማስገደድ አይገባም። ታዝዞ «ይቅርታ» የሚል ልጅ የሚማረው ቃሉ ከቅጣት እንደሚያድን ብቻ ነው፤ የተቀደደውን ደብተር አብሮ መለጠፍ ግን በደሉን በእጁ ያሳየዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በአቅም በሚመጣጠኑ ልጆች መካከል ለሚነሳ ጠብ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ በልጆች መካከል የሚፈጸም ጥቃትን ያጠናው ዳን ኦልዌየስ እንዳስረዳው፣ ጥቃት የሚደጋገምና የኃይል አለመመጣጠን ያለበት ነው። እንዲህ ባለው ሁኔታ ሁለቱን አቀራርቦ ማደራደር የተበደለውን ልጅ ከሚፈራው ሰው ፊት አስቀምጦ ማስጨነቅ ይሆናል። አንደኛው ልጅ ሲናገር ሌላውን እያየ ቃሉን የሚውጥ ከሆነ ውይይቱ ይቁም፤ አዋቂው ተበዳዩን ለብቻው ያነጋግር፣ ጥበቃም ያድርግለት፣ አጥቂውን የማስቆሙን ኃላፊነትም ራሱ ይውሰድ።

ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ልጆቹን መልሶ መጠየቅ አይዘንጋ። ስምምነቱ ፈርሶ ከተገኘ «ቃልህን አፈረስክ» ከማለት ይልቅ የትኛው ክፍል እንዳልሠራ ይጠየቁና ካወጧቸው ሐሳቦች ሁለተኛውን ይሞክሩ። ሦስተኛ ረድፍ የሄደችው ተማሪ በሳምንቷ ተመልሳ መጥታ የመስኮቱ ፀሐይ ዓይኗን እንደሚወጋት ነገረችኝ፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ግን የማንን ቦታ እንደምትጠይቅና ምን ብላ እንደምትጠይቀው አስባ ጨርሳ ነበር።