ማስታወቂያው ወጣ፣ ዲቪዲው ግን አልሰራም፦ ችግሩና መፍትሄው

ከቴሌቪዥን የቀዳችሁትን ፕሮግራም ማስታወቂያውን ቆርጣችሁ አወጣችሁ፣ ዲቪዲ ላይ ጻፋችሁት (በርን አደረጋችሁት)። ስታጫውቱት ግን ድምፁ ሌላ፣ አፉ ሌላ። ብዙ ሰው ወዲያው ዲስኩን ይወቅሳል። ሌላ ዲስክ ያስገባል፣ አሁንም ያው ነው። እኔ እስካሁን ካየሁት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ፋይሉ ላይ ነው። ስለዚህ በርን ከማድረጋችሁ በፊት ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ እስከ መጨረሻው እዩት።

ድምፅና ምስል አይገጥሙም

በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው። አንድ ረጅም ድራማ ቀድቼ መጀመሪያው ላይ ምንም አልነበረውም። መጨረሻው አካባቢ ግን በሩ ሲዘጋ አየሁ፣ የበሩ ድምፅ የተሰማው ሴትየዋ ሄዳ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሪሲቨሩ የሚቀዳው ቲኤስ ፋይል (ስርጭቱን እንደመጣ የሚይዝ ፋይል) ባለ 188 ባይት ትናንሽ ፓኬቶች ድርድር ነው። ሲግናል ሲዳከም አንዳንዶቹ ይጠፋሉ። ከድምፁ የጠፋውና ከምስሉ የጠፋው እኩል ስለማይሆን ልዩነቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ደቂቃና የመጨረሻውን ደቂቃ አወዳድሩ። ልዩነቱ ሁለቱም ጋ እኩል ከሆነ ቀላል ነው፤ አቪዴሙክስ በሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ላይ ድምፁን በሚሊሰከንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይበቃል። እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን መግፋት አይረዳም። ወደ መጀመሪያው ቅጂ ተመለሱና ፕሮጀክት ኤክስ በሚባለው የቅጂ ማስተካከያ ፕሮግራም አሳልፉት። ድምፁንና ምስሉን ለየብቻ ያወጣል፣ የሰዓት ምልክታቸውን እያየም የጎደለውን ያስተካክላል። መቁረጥ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁ እንደገና መጀመራችሁ አይቀርም።

ማስታወቂያው የነበረበት ቦታ ላይ ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል

ኤምፔግ 2 (ቪዲዮው የተጨመቀበት ዘዴ) ሁሉንም ፍሬም፣ ማለትም እያንዳንዱን ነጠላ ምስል፣ ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። ሙሉ የሆነው አይ ፍሬም የሚባለው ነው፤ ሌሎቹ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዙት። መሃል ላይ ከቆረጣችሁ ተከታዮቹ የሚደገፉበት ያጣሉ። የምታስቀሩት ክፍል ሁሌም ከአይ ፍሬም ይጀምር። አቪዴሙክስ ላይ የላይና የታች ቀስቶች ከአንዱ አይ ፍሬም ወደ ሌላው ያዘልላችኋል። እኔ የተናጋሪው የመጀመሪያ ቃል ከሚቆረጥ ግማሽ ሰከንድ ማስታወቂያ ቢቀር እመርጣለሁ።

ኮምስኪፕ የሚባለው ፕሮግራም ማስታወቂያውን ራሱ ይፈልግላችኋል። ጥቁር ፍሬም፣ ጸጥታና የጣቢያው ሎጎ መጥፋትን ነው የሚያየው። ግን ጨለማ ትዕይንትንም ማስታወቂያ ነው ብሎ ሊያወጣ ይችላል፤ ሳታዩ አትቁረጡ።

ማጫወቻው ዲስኩን አልቀበልም ይላል

ፋይሉን እንዳለ ዲስክ ላይ ጎትቶ መጣል የዳታ ዲስክ ነው የሚሰራው። ዲቪዲ ቪዲዮ የራሱ ሕግ አለው፦ ምስሉ ኤምፔግ 2፣ መጠኑ በፓል የቴሌቪዥን ስርዓት 720 በ576 ነጥብ፣ በኤንቲኤስሲ ስርዓት 720 በ480፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ። አንዳንድ የሳተላይት ጣቢያ 544 በ576 ይልካል፤ እሱ ከሕጉ ውጭ ነው። ኤችዲ ቅጂም እንደዚያው። ሁለቱም እንደገና ኢንኮድ መደረግ፣ ማለትም ሕጉን ወደሚያሟላ ቪዲዮ መቀየር አለባቸው። ዲቪዲ ስታይለር የሚባለው ፕሮግራም ይህን ሰርቶ ሜኑም ያወጣላችኋል፤ በርን ለማድረግ ኢምግበርን የሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው። በርን ባደረገው ኮምፒውተር ላይ ሰርቶ ሌላ ማጫወቻ ላይ እምቢ ካለ፣ ዲስኩ ፋይናላይዝ መደረጉን (መጻፉ ተጠናቆ መዘጋቱን) እዩ። የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ዳግም የሚጻፍባቸውን ዲስኮች ለማንበብ ይቸገራሉ።

ምስሉ ደብዝዟል

ተራው ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ሁለት ሰዓት ርዝመት ላለው ፕሮግራም ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል። ስሌቱን ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ባለው ርዝመት ስሩ። ቀድማችሁ ካሰላችሁት ያስለቀቃችሁት ቦታ ባዶውን ይቀራል፣ ጥራቱም በከንቱ ይወርዳል።

ቀሪዎቹ

የሰው ፊት ከቀጠነ ወይም ከሰፋ፣ 4 በ3 እና 16 በ9 የሚባሉት የምስል ቅርፆች ተምታተዋል፤ ሜኑውን ስትሰሩ ትክክለኛውን ምረጡ። ኳስ ወይም መኪና ሲሮጥ ምስሉ ከተንቀጠቀጠ የፊልድ ቅደም ተከተሉ (የፍሬሙ ሁለት ግማሾች የሚታዩበት ተራ) ተገልብጧል፤ ቀይሩትና አንድ ደቂቃ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ቅጂው 4 ጊጋባይት ላይ ተከፋፍሎ ከመጣ የፍላሹ ፎርማት ከዚያ የሚበልጥ ፋይል የማይቀበለው ፋት 32 ስለሆነ ነው፤ ከመቁረጥ በፊት በቅደም ተከተል አጋጥሙት። ኮምፒውተሩ ጭራሽ የማይከፍተው ከሆነ ደግሞ ሪሲቨሩ ቆልፎት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቅጂ በዚያው ሪሲቨር ላይ ብቻ ነው የሚታየው።