መብራት ሄዶ የተቋረጠው የከርነል ኮምፓይል

ኮዬ ፈጬ ላይ መብራት ሲሄድ ተናግሮ አይሄድም። ዴስክቶፔ ደግሞ ባትሪ የለውም። የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ኮምፓይል እያደረግኩ፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም እየቀየርኩ፣ መሃል ላይ ድርግም!

ሲመጣ ኮምፓይሉን የሚመራውን ትእዛዝ «ሜክ»ን ደግሜ አስጀመርኩት። ያለቀውን ትቶ የቀረውን ነው የሚሠራው፤ ይሄ ጥሩ ነገሩ ነው። ግን ያለቁትን ቁርጥራጮች የሚያገጣጥመው ሊንከሩ ጋ ሲደርስ የፋይሉን ፎርማት አላውቀውም ብሎ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ዲስኩ ላይ ተጽፈው ያላለቁ ፋይሎች ስማቸው ብቻ ሊቀር ይችላል። መጠናቸው ዜሮ ነው። ሜክ ግን የሚያየው የተጻፉበትን ሰዓት እንጂ ውስጣቸውን አይደለም። «አልቋል» ብሎ ያልፋቸዋል።

በ«ሜክ ክሊን» ጠርጎ ከዜሮ መጀመር ይቻላል። በእኔ አሮጌ ማሽን ግን የማይታሰብ ነው! በ«ፋይንድ» ትእዛዝ ስማቸው በነጥብ ኦ (.o) የሚያልቁትን፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረጉ ቁርጥራጮች የሚቀመጡባቸውን፣ ባዶ ፋይሎች ብቻ ፈልጌ አጠፋሁ። ባዶ የሆነ ሁሉ አይጥፋ፤ «ኢንክሉድ» ፎልደር ሥር «ኮንፊግ» ውስጥ ያሉት ሆን ተብሎ ባዶ የተደረጉ ናቸው። ከዚያ ሜክ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ጀማሪ ከሆናችሁ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ»ን ሞክሩ። አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች (እንደ ድራይቨር ያሉ የከርነል ክፍሎች) ብቻ ስለሚያስቀር ጊዜው በጣም ያጥራል። የዋይፋይ ዶንግላችሁን ግን አስቀድማችሁ ሰኩት፤ አለዚያ ድራይቨሩ ይቀራል።